የመስቀል ወፍ ወዴት ትሄዳለች?

ከዐይናችን የራቀብንን ወዳጅ «አንተስ የመስቀል ወፍ ሆንህ» ብሎ መውቀስ የቈየ ልማዳችን ነው። ይህችን ወፍ በመስከረም ከአደይ አበባ ጋራ ብቅ ስትል እናያታለን፤ በዓሉ አልፎ አዝመራው ከተሰበሰበ በኋላ ግን እናጣታለን። ስለዚህ ከሩቅ አገር መጥታ የምትመለስ እንግዳ ትመስለናለች። ልጆቻችንም ወዴት እንደምትሄድ ሲጠይቁን «ወደ አገርዋ» ብለን እናልፋቸዋለን። ይኸው ጥያቄ ከማስተምራቸው ልጆች አንደበት ስለ ወጣ፥ መልሱን ከመጽሐፍ ብቻ ሳይሆን ከተራራው ላይ ያገኙት ዘንድ የትምህርት ቤታችንን የተፈጥሮ ክበብ አባሎች ይዤ በዘመነ ጽጌ ወደ እንጦጦ ማርያም ወጣሁ።

ዘመነ ጽጌ ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ቀን ያለው 40 ቀን ነው። በቤተ ክርስቲያን የወራት አከፋፈል መስከረም 26 ቀን መፀው ይገባል፤ በዘመናዊው ትምህርት ቤት ግን ይህንኑ የአበባ ወራት ጸደይ ማለት ተለምዷል። ስሙ ቢለያይም የምድሪቱ መልክ አንድ ነው፤ ዝናሙ ያባራል፥ ሣሩ ፍሬ ይይዛል፥ ሰማዩም ይጠራል። ወፎችን ለማየት ከዚህ የተሻለ ጊዜ አይገኝም።

እንዲህ ያለው ጕዞ በአገራችን እንግዳ ነገር አይደለም። በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1966 ዓ.ም. የተመሠረተው የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር አባሎቹን እየሰበሰበ ወደ ዱርና ወደ ሐይቅ ዳር ሲያወጣ ኖሯል። በዚያው አቈጣጠር በ1996 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ለወፎች እጅግ የሚያስፈልጉ 69 ቦታዎችን ዘርዝሮ በመጽሐፍ አሳትሟል፤ እንጦጦም ከነዚህ አንዱ ነው። የእኛ ክበብ ስንቅ ግን ጥቂት ነበረ፤ አንድ የሩቅ ማሳያ መነጽር፥ ለየአንዳንዱ ልጅ ደብተርና እርሳስ፥ ለምሳ ደግሞ ዳቦና ቆሎ።

የእንጦጦ ተራራ ጫፉ ከባሕር ወለል በላይ 3,200 ሜትር ያህል ይደርሳል። ከጀርባው ወደ ሰሜን የሚወርደው ዝናም ወደ ዓባይ፥ ወደ ከተማዪቱ የሚወርደው ደግሞ ወደ አዋሽ ይገባል። ይህን ለልጆቹ በካርታ ብነግራቸው ይረሱታል፤ እዚያው ቆመው ሲያዩት ግን አይረሱትም። ዳግማዊ ምኒልክ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ተብለው ዘውድ የጫኑት በዚሁ በእንጦጦ ማርያም ነው። በዚያን ዘመን የተራራው ጽድና ወይራ ለቤት ሥራና ለማገዶ እየተቈረጠ አለቀ፤ ወዲያውም ከአውስትራልያ የመጣው ባሕር ዛፍ ተተክሎ ከተማዪቱን ከማገዶ ችግር አዳናት።

ቤተ ክርስቲያኑን ተሳልመን ከግቢው ጀመርን። ማጅራታቸው ላይ ነጭ ጥምጥም የመሰለ ምልክት ያለባቸው ርግቦች ከጣራው ወደ ዛፉ ይመላለሱ ነበር፤ እነዚህ ርግቦች ከኢትዮጵያና ከኤርትራ በቀር በሌላ አገር አይገኙም። መንቁሩ እንደ መጥረቢያ የወፈረ፥ ማጅራቱ ላይ ነጭ ያለበት ቁራም በአጥሩ ላይ አረፈ። ከግቢው ወጥተን የጥንቱ ጽድ ከተረፈበት ቁጥቋጦ ስንደርስ፥ ሁለት ግራጫ ወፎች አንዱ የጀመረውን ዜማ ሌላው እየተቀበለ እንደ መሪና እንደ ተመሪ ሲያዜሙ ሰማን። ግንባራቸው ነጣ ያለ፥ ከጅራታቸው ሥር ዳማ ቀለም ያላቸው ናቸው። እነዚህም ከኢትዮጵያ ደጋ በቀር የትም የሌሉ ሲሆኑ፥ ከልጆቹ መካከል ስማቸውን የሚያውቅ አልተገኘም። «ወፍ ናቸው» ከማለት በቀር መልስ አልነበረም። አዳም እንስሳትን ሁሉ በየስማቸው መጥራቱን የተማሩ ልጆች በደጃቸው ያለውን ፍጥረት ስም አለማወቃቸው አሳዘነኝ።

ወደ ባሕር ዛፉ ስንገባ ግን ዜማው ቀረ። ከሥሩ ቁጥቋጦና አበባ በብዛት ስለማይበቅል፥ ወፎች የሚለቅሙት ትልና ፍሬ በዚያ ጥቂት ነው።

ከዛፉ ወጥተን ሜዳው ላይ እንደ ደረስን ሰማዩ በእንግዶች ተሞላ። ንብ በል ወፎች በመንጋ ሆነው እየተጣሩ ያልፉ ነበር፤ ሆዳቸው ቢጫ የሆነ ትናንሽ ወፎች ጅራታቸውን እየወዘወዙ ከከብቱ እግር ሥር ይለቅሙ ነበር፤ ከሩስያና ከመካከለኛው እስያ ሜዳ የሚመጣውም ንስር ከፍ ብሎ ያንዣብብ ነበር። እነዚህ የአውሮፓንና የእስያን ብርድ ሸሽተው የሚመጡ ስደተኞች ናቸው። የእመቤታችን ስደት በሚታሰብበት ወራት አገራችን እነዚህን እንግዶች መቀበልዋን ለልጆቹ ነገርኋቸው።

የመስቀል ወፍ ግን ከስደተኞቹ አንዷ ናትን? በገብሱ ዳር ጥቁር ላባ ለብሶ፥ ጀርባውና ትከሻው ቢጫ የሆነ አንድ ወፍ ላባውን ነፍቶ ሲበር እያየን ሳለን፥ የማገዶ ሸክማቸውን በድንጋይ ላይ አስደግፈው የሚያርፉ አንዲት እናት ጠሩን።

«የኔታ፥ ምን ጠፍቷችሁ ነው?»

«የመስቀል ወፍ በበጋ ወዴት እንደምትሄድ ልጆቹ ጠይቀውኝ ነው፥ እማማ» አልኋቸው።

«ኧረ ወዴትም አትሄድ! እዚሁ ከድንቢጦቹ ጋራ ናት። የክት ልብሷን ስታወልቅ ጊዜ ነው የምታጧት» አሉን።

የወፍ ሊቃውንት የሚሉትም ይህንኑ ነው። የመስቀል ወፍ የምንላቸው ወፎች ከአንድ ዓይነት በላይ ናቸው፤ ጌጡም የወንዶቹ ነው። በክረምቱ ዝናም ወንዱ ጥቁርና ቢጫ ወይም ጥቁርና ቀይ ላባ አውጥቶ እንስቲቱን ይጠራል፤ ጎጆዋቸውም በረዥም ሣር መካከል ይሠራል። በጋው ሲጸና ያን ላባ አራግፎ እንደ እንስቲቱ ቡናማ ይሆናል፤ ከመንጋው ጋራ ተቀላቅሎም በየማሳው ፍሬ ይለቅማል። እንግዲህ እርሱ አልሄደም፤ እኛ ነን ያላወቅነው።

እኒያ እናት ሸክማቸውን አንሥተው ቁልቍለቱን ሲወርዱ ከልጆቹ አንዱ «ባሕር ዛፉ ለወፎች የማይበጅ ከሆነ ለምን አይቈረጥም?» አለኝ። የሴትዮዋን ጀርባ አሳየሁት። የዕለት እንጀራቸው በዚያ ሸክም ላይ ነው፤ ስለ ወፍ የተማርነውንም ከእርሳቸው ነው። ዛፉ በአገር በቀል ይተካ ስንል የእርሳቸውም ኑሮ አብሮ መታሰብ አለበት። የጉለሌ ዕፅዋት ማዕከል አገር በቀሉን ዛፍ ያለማል፤ የእንጦጦ ፓርክም በ2013 ዓ.ም. ተከፍቶ ብዙ ሰው ወደ ተራራው ይወጣል። ከሁሉ አስቀድሞ ግን የአብያተ ክርስቲያናት ቅጥር ግቢ ጽዱንና ወይራውን ጠብቆ አቈይቶልናል፤ ከዚያ የሚለቀም ዘር በየደጃችን ሊበቅል ይችላል።

ስለዚህ አባቶችና እናቶች ሆይ፥ ከቅዳሴ በኋላ ከልጆቻችሁ ጋራ ጥቂት በእግር ሂዱ። ከልጁ እጅ ወንጭፉን ተቀብላችሁ ደብተር ስጡት፤ ያየውን ወፍ ቀኑንና ቦታውን ይጻፍ። አደይ አበባ ከዘሩ የሚበቅል ስለሆነ ከነሥሩ አትንቀሉት፤ ለከርሞ የሚሆን ዘር እንዲያራግፍ ከፊሉን ተዉት። ቦታ ያላችሁ አንድ ጽድ ወይም ኮሶ ትከሉ። በጥር ወርም ልጁ «የመስቀል ወፍ ሄደች» ሲላችሁ፥ ከማሳው ዳር ያሉትን ቡናማ ወፎች በጣታችሁ አሳዩትና «ተመልከት፥ ከመካከላቸው ናት» በሉት።