ከጎረቤት የመጣ ቂጣ

በ1962 ዓ.ም. በደሴ ተማሪ ሳለሁ የሒሳብ መምህራችን ሕንዳዊ ነበሩ። በዚያ ዘመን ከሕንድ አገር፣ ይልቁንም ኬረላ ከሚባለው ከደቡቡ ክፍል የመጡ መምህራን በየትምህርት ቤቱ ብዙ ስለ ነበሩ ነገሩ አያስደንቅም ነበር። ያስደነቀን ሌላ ነው። በጥምቀት ዕለት ታቦቱ ሲወጣ መምህራችን ከነባለቤታቸው ጫማቸውን አውልቀው ከሕዝቡ መካከል ቆመው አየናቸው። እኛ ልጆች ሕንድ ሁሉ ጣዖት የሚያመልክ ይመስለን ስለ ነበር፣ «እኚህ ሰው ክርስቲያን ናቸውን?» እያልን እርስ በርሳችን ተጠያየቅን።

በማግሥቱ ይህን ጥያቄ አንዱ ደፋር በክፍል ውስጥ አነሣው። መምህራችንም ጠመኔውን አስቀምጠው፣ የዚያን ቀን ሒሳብ ተወና ስለ አገራቸው ነገሩን። ሐዋርያው ቶማስ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ52 ዓ.ም. ወደ እነርሱ ባሕር ዳርቻ እንደ ደረሰ አባቶቻቸው በትውፊት ይናገራሉ። ቅዳሴያቸው የሶርያ ነው፤ ዛሬ የሚቀደሰው ግን በአገራቸው ቋንቋ በማላያላም ነው። ከሁሉ ይልቅ በአእምሮዬ የቀረው የገመዱ ታሪክ ነው። በ1653 በአውሮፓውያን አቆጣጠር፣ ማታንቼሪ በሚባል ስፍራ፣ ሕዝቡ ለኢየሱሳውያን ከእንግዲህ ወዲያ አንታዘዝም ብሎ በመስቀል ፊት ሲምል፣ ከብዛቱ የተነሣ ሁሉም መስቀሉን ለመንካት ስላልቻለ በመስቀሉ ላይ ገመድ አስረው ገመዱን እየያዙ ማሉ ይባላል። በእኛ አገር ዐፄ ፋሲል ኢየሱሳውያንን ያስወጡት ከዚያ ሃያ ዓመት ያህል ቀደም ብሎ መሆኑን ስንሰማ፣ መምህራችን ከዚያን ቀን ጀምሮ የሩቅ አገር ሰው መሆናቸው ቀረ። ቀደም ሲል በጥር 1957 ዓ.ም. የግብጽ፣ የሶርያ፣ የአርመን፣ የሕንድና የኢትዮጵያ አብያተ ክርስቲያናት አባቶች በአዲስ አበባ ጉባኤ ባደረጉ ጊዜ፣ የሕንዱ ካቶሊኮስ ባስልዮስ አውጌን መጥተው እንደ ነበረም ያን ጊዜ ሰማን።

እናቴ ይህን ከነገርኳት በኋላ በዚያው ዓመት በጸሎተ ሐሙስ ጉልባኑን በሳሕን አድርጋ፣ በነጠላዋ ሸፍና ወደ መምህሩ ቤት ላከችኝ። «የክርስቲያን ቤት ነው፤ ዘመድ የላቸውም» ነበር ያለችው። የመምህሩ ባለቤት ሳሕኑን ተቀብለው ባቄላውንና ስንዴውን እየተመለከቱ ዕንባ ሲያወርዱ አየሁ። ጉልባን ስለ ምን እንደሚያስለቅስ በዚያን ጊዜ አልገባኝም።

ይህ ከሆነ ከሃምሳ ዓመት በላይ ነው። መምህራችን ወደ አገራቸው ከተመለሱ በኋላም ደብዳቤያችን አልተቋረጠም፤ በኅዳር 2016 ዓ.ም. ማረፋቸውን የልጅ ልጃቸው ጻፈችልኝ። ለቅሶ ሳልደርስ መቅረት አልሆነልኝምና በመጋቢት ወር ተነሥቼ ሄድኩ። መንደራቸው በኮታያም ከተማ አጠገብ፣ ከፑቱፓሊ ብዙም ሳይርቅ፣ በጎማ ዛፍና በኮኮናት መካከል የተቀመጠ ነው። ፑቱፓሊ በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያኗ የታወቀች ናት። ዓመታዊ በዓሏን «ፔሩናል» ይሉታል፤ ታላቅ ቀን ማለት ነው። በአውሮፓውያን ግንቦት መጀመሪያ ሲከበር የወርቁ መስቀል ይወጣል፤ ባለ ዘርፍ የሐር ጥላዎች በረድፍ ይዘረጋሉ፤ «ቼንዳ» የሚባለው በትከሻ የሚንጠለጠል ከበሮ በበትር ይመታል፤ ስለት ያለበት ሰው አውራ ዶሮ ይዞ ይመጣል፤ ሕዝቡም በአንድነት ይመገባል። መምህራችን በደሴ ጥምቀት ላይ ጫማቸውን አውልቀው የቆሙት ጥላውንና ከበሮውን ሲያዩ ፑቱፓሊ ያሉ መስሏቸው እንደ ነበረ አንድ ጊዜ ጽፈውልኛል። እኔ ግን የደረስኩት ለፔሩናሉ አይደለም፤ ሳላስበው ለሌላ ነገር ደረስኩ።

የሕንድ ኦርቶዶክሳውያን ትንሣኤን የሚያከብሩት በምዕራባውያኑ አቆጣጠር ነው። ስለዚህ እኔ በዐቢይ ጾም በምኩራብ ሳምንት ሳለሁ፣ እነርሱ በሕማማት ላይ ነበሩ። መጋቢት 19 ቀን ለእኔ ተራ የጾም ሐሙስ፣ ለእነርሱ ግን ጸሎተ ሐሙስ ነበረ። ይህን ሌሊት «ፔሳሃ» ይሉታል፤ እኛ ፋሲካ ከምንለው ቃል ጋር ምንጩ አንድ ነው። በዚያ ማታ በየክርስቲያኑ ቤት ከሩዝ ዱቄት፣ ከተፈጨ የጥራጥሬ ክክና ከኮኮናት እርሾ የሌለበት ቂጣ በእንፋሎት ይበስላል። በላዩም በሆሣዕና ዕለት ከቤተ ክርስቲያን ከመጣው የዘንባባ ቅጠል የተሠራ ትንሽ መስቀል ይቀመጥበታል። ጸሎት ከተደረገ በኋላ የቤቱ ታላቅ ቆርሶ በዕድሜ ተራ ያድላል። ከዚያ ቂጣ ፍርፋሪ እንኳ ወደ ውጭ አይጣልም።

ነገር ግን በዓመቱ ውስጥ ሰው የሞተበት ቤት የፔሳሃ ቂጣ አይጋግርም። ምጣዱ ቀዝቅዞ ይውላል፤ ቂጣውን የሚያመጡለት ዘመድና ጎረቤት ናቸው።

የመምህሩን ባለቤት ሁሉም «አማቺ» ይሏቸዋል፤ በእኛ አነጋገር እማማ እንደ ማለት ነው እንጂ የጋብቻ ዝምድና አያመለክትም። ከደሴ ይዘውት የሄዱት አማርኛ ጥቂት ቢሆንም አልጠፋቸውም። ገና እንዳዩኝ «በላህ?» አሉኝ። ልጃቸው ዱባይ በሥራ ላይ ስለ ሆነ በቤቱ ያሉት እርሳቸውና የልጅ ልጃቸው ብቻ ናቸው። ከቀትር በኋላ ጀምሮ ጎረቤቶች ይመጡ ጀመር፤ አንዷ በሙዝ ቅጠል ጠቅልላ፣ ሌላዋ በክዳን ዕቃ አድርጋ፣ ሦስት ቤት ቂጣ አመጣ። አማቺ እያመሰገኑ ይቀበላሉ፤ ዓይናቸው ግን ከበሩ አይነቀልም። ፀሐይ ገባች፤ መብራት በራ፤ ለጸሎት አልተነሡም።

ነገሩን በሹክሹክታ የነገረችኝ የልጅ ልጃቸው ናት። የመምህሩ ታናሽ ወንድም ከአጥሩ ማዶ ይኖራሉ። በአባታቸው የጎማ ተክል መሬት ምክንያት ከመምህሩ ጋር ተካሰው፣ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አንዱ የሌላውን ደጅ አልረገጠም። በቀብሩ ዕለትም ወንድሙ የቆሙት ከቤተ ክርስቲያኑ በር ውጭ ነበረ። በቤተሰቡ ልማድ ግን የሟች ወንድም በሕይወት ካለ ለለቅሶው ቤት ቂጣውን ሊያመጣ የሚገባው እርሱ ነው፤ የሚቆርሰውም እርሱ ነው። «ሦስት ቤት አምጥቷል፤ ከዚያ እንብላ ብላት እንቢ አለች» አለችኝ ልጅቱ። እውነቱን ለመናገር እኔም በልቤ የልጅቱን ወገን ነበርኩ፤ ርቦኝም ነበር። የአሮጊት እልኸኝነት ነው ብዬ አሰብኩ።

ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ሲሆን በዛፎቹ መካከል የእጅ ባትሪ ብርሃን ታየ። ከሰማንያ የማያንሱ ሽማግሌ፣ ነጭ ሽርጥ ያገለደሙ፣ በአንድ እጃቸው ባትሪ፣ በሌላው ክዳን ያለው ዕቃ ይዘው እየተንገዳገዱ መጡ። ዕቃውን የሚይዝላቸው ሰው አላስከተሉም። በደፍ ላይ ጫማቸውን አወለቁ። አማቺም ከወንበራቸው ተነሥተው ነጠላቸውን ወደ ራሳቸው ሳቡ። ሁለቱም ቃል አልተናገሩም። ልጅቱ ሻማ አበራች፤ ሽማግሌው ጸሎቱን ጀመሩ፤ ድምፃቸው እንደ መምህራችን ድምፅ ወፍራም ስለ ነበረ ለጊዜው ደነገጥኩ።

ቂጣውን ሲቆርሱ እጃቸው ይንቀጠቀጥ ነበር። በመጀመሪያ ለአማቺ፣ ቀጥሎ ለእኔ ሰጡኝ። ከቂጣው ጋር የሚጠጣውን «ወተት» በኩባያ ሲያቀርቡልኝ ግን ጾሜ ትዝ አለኝና እጄን ሰበሰብኩ። እንግዳ ሆኜ የሐዘንተኛ ቤት ጽዋ መመለስ ከባድ ነው፤ ጾም መግደፍም ከዚያ ይከብዳል። አማቺ ፊቴን አይተው ሣቁ፤ በዚያች ማታ የሣቁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። «የላም አይደለም፤ የኮኮናት ነው፤ ጾም ነው፤ ጠጣ» አሉኝ በአማርኛ። በእርግጥም ከኮኮናት የተጨመቀ ወተት በጥቁር ስኳር፣ በሄልና በደረቅ ዝንጅብል የተዘጋጀ ነበር። እነርሱም እንደ እኛው በሕማማት ከእንስሳት ተዋጽኦ የሚጾሙ መሆናቸውን ማወቅ ይገባኝ ነበር።

ሽማግሌው በልተው እንደ ጨረሱ ተነሥተው ሄዱ። የመሬቱ ክስ ዛሬም እንዳለ ነው፤ በኋላ ከልጅቱ እንደ ሰማሁት ቀጠሮ ተሰጥቶበታል። አማቺ ግን ዕቃውን በማግሥቱ አጥበው ራሳቸው መለሱ። በዚያው በስቅለት ዕለት ከእነርሱ ጋር ስሰግድ ዋልኩ፤ ከረጅሙ ጸሎት በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር የሩዝ ሙቅና የተቀቀለ ጥራጥሬ ሲታደል፣ የሽማግሌውና የአማቺ ወንበር ጎን ለጎን እንዳልነበረም አይቻለሁ።

ልሰናበት ስል አማቺ፣ «ያንን ባቄላ አሁንም ትሠራላችሁ?» ብለው ጠየቁኝ። አዎን አልኳቸው። «እናትህ ያን ዕለት ባትልክልኝ ኖሮ ያን ፔሳሃ ያለ ምንም ነበር የማሳልፈው። በዚያ ሳምንት የአባቴ ሞት በደብዳቤ ደርሶኝ ነበር፤ ለማንም አልተናገርኩም» አሉኝ።

አዎን ማለቴ ግን ሙሉ እውነት አልነበረም። እናቴ ካረፈች ወዲህ፣ በተለይም ወደ ኮንዶሚኒየም ቤት ከገባን በኋላ፣ ጉልባን አንዳንድ ዓመት ከሱቅ እንገዛለን፤ አንዳንድ ዓመትም እንረሳዋለን። በእኛ ዘንድ ሐዘንተኛ ቤት አይቀቅል የሚል ሕግ የለም፤ እናቴ ግን ያለ ሕግም ለሐዘንተኛ ታደርስ ነበር። ሚያዝያ 24 ቀን 2016 ዓ.ም. የእኛ ጸሎተ ሐሙስ በደረሰ ጊዜ ባለቤቴን አስቸግሬ ባቄላውን አስከካሁ፣ ስንዴውን አስፈተግሁ። ከእኛ በላይ በአራተኛው ፎቅ፣ በጥር ወር አባወራው የሞተበት ቤት አለ፤ ሰላምታ እንኳ በወጉ አንለዋወጥም ነበር። ጉልባኑን በሳሕን አድርጌ፣ በነጠላ ሸፍኜ፣ ደረጃውን ወጥቼ አንኳኳሁ።

በሩን የከፈተችልኝ አሥር ዓመት የሚሆናት ልጅ ናት። ነጠላውን ገልጣ አየችና፣ «ስንት ነው?» አለችኝ። የሚሸጥ መስሏት ነበር።