ቤት ሲቃጠል ስለ ቀለሙ

ሰሞኑን ከሐሳቤ ያልወጣው ሰው ቶማስ ኢንሰል ነው። አሜሪካዊ የሥነ አእምሮ ሐኪምና የአንጎል ተመራማሪ ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ2002 እስከ 2015 የአገሩን ብሔራዊ የአእምሮ ጤና ኢንስቲትዩት መርቷል።

ስሙን ያስጠሩለት ቮል የሚባሉ አይጥ መሰል ትንንሽ እንስሳት ናቸው። የሜዳው ቮል አንዴ ከተጣመረ ከአጋሩ አይለይም፤ ልጆቹንም አብሮ ያሳድጋል። የተራራው ዘመዱ ግን ተገናኝቶ መንገዱን ይቀጥላል። ኢንሰልና ባልደረቦቹ የልዩነቱን ምክንያት አንጎል ውስጥ ፈለጉ። ኦክሲቶሲንና ቫሶፕሬሲን የተባሉትን ሆርሞኖች የሚቀበሉት ክፍሎች በሁለቱ ዝርያዎች አንጎል የሰፈሩት በተለያየ ቦታ ሆኖ ተገኘ። (ይህን ሳነብ ስንቱ ትዳር ትዝ አለኝ! ሰው ግን ቮል አይደለም።)

ወንበሩን ሲይዝም እምነቱ ይኸው ነበር፦ የአእምሮ ሕመም የአንጎል ሕመም ነው፤ ዘረ መሉና የነርቭ መስመሩ ከተፈታ ፈውሱ ይከተላል። ከወረደ በኋላ ራሱ እንደተናገረው፣ 20 ቢሊዮን ዶላር ያህል ወጥቶ ብዙ ግሩም ጥናት ታተመ፤ የታማሚው ኑሮ ግን ፈቀቅ አላለም። እንዲያውም በአሜሪካ ራስን የማጥፋት መጠን ከ1999 እስከ 2014 በ24 በመቶ ጨመረ። ይህን በገዛ አፉ የሚናገር ሹም ስንት አለ?

በ2022 ባሳተመው መጽሐፉ አንድ ስብሰባ ያነሳል፤ ቦታው ኦሪገን ነው። ኢንሰል የአንጎል ምስሎችና በቤተ ሙከራ ያደጉ የነርቭ ሴሎች እያሳየ ሳለ አንድ አባት ከኋላ ተነሳ። የ23 ዓመት ልጁ ስኪዞፍሬንያ አለበት። ሆስፒታል ተመላልሷል፣ ጎዳና ወጥቷል፣ ራሱን ሊያጠፋም ሞክሯል። ለዚህ አባት የኢንሰል ንግግር ቤት እየተቃጠለ ስለ ቀለሙ ኬሚስትሪ እንደ መተንተን ነበር። ኢንሰል መጀመሪያ ተከላከለ፤ ኋላ ግን ሰውዬው እውነት እንዳለው አመነ።

እኛ እንዲህ ያለውን ሰው አስታማሚ እንለዋለን። ሕመሙ የልጁ ቢሆንም ደጅ መጥናቱ፣ ሌሊት የበር ድምፅ ማዳመጡ፣ የጎረቤት ዓይን መቻሉ የአባት ነው። አስታማሚ በማይክሮስኮፕ አይታይም።

እኔ ግን የአንጎል ምርምሩ ከንቱ ነበር አልልም። የሚቆጨኝ ሌላ ነው። የዚያው ኢንስቲትዩት ገንዘብ በ21 ግዛቶች፣ በ34 ክሊኒኮች፣ የዚያን አባት ልጅ በመሰለ ሕመም ገና መታመም የጀመሩ 404 ሰዎችን አስጠንቶ ነበር። ውጤቱ የወጣው በ2015 ነው። ተቀናጅቶ የተሰጠው እርዳታ አዲስ መድኃኒት አልነበረውም፦ በጥንቃቄ የተመጠነ የተለመደ መድኃኒት፣ የምክር አገልግሎት፣ ወደ ሥራና ትምህርት የሚመልስ ሰው፣ ደግሞም ቤተሰቡን ቁጭ አድርጎ ማስተማር። ይህን ያገኙት እንደ ወትሮው ከታከሙት ይልቅ በሕክምናው ቆዩ፤ ኑሯቸውም ይበልጥ ተሻሻለ።

ኢንሰል ከኢንስቲትዩቱ የለቀቀው በዚያው ዓመት ነው። የሄደው ወደ ጉግል ነበር።