መኪና የሚያወጣ፣ ሰው የማይገድል ገመድ

በአዲስ አበባ ዘነበወርቅ ሰፈር ለሚኖር ሰው ክረምት መቃረቡ በመኪኖቹም ይታወቃል። በጅማ መንገድ የሚወጡ ሃርድቶፖችና ፒክአፖች አየር ጤናን ከማለፋቸው በፊት እዚህ ጎራ ይላሉ። ጎማ ይታያል፣ ዘይት ይቀየራል፣ ባትሪ ይለካል፣ ነዳጅ ይሞላል። ከኋላ ወንበር ሥር የተጠቀለለውን መጎተቻ ገመድ አውጥቶ የሚፈትሽ ግን ጥቂት ነው። ዛሬ የምጽፈው ስለዚያ ገመድና አብረውት ስለሚሠሩት ዕቃዎች ነው። መኪና ከጭቃ የሚያወጣው ይህ ዕቃ በትክክል ካልተመረጠ ዙሪያውን የቆመውን ሰው ሊገድል ይችላል።

ከሰበታ ወዲያ የበቾ ሜዳ አለ። ጤፍና ሽንብራ የሚያበቅለው ጥቁር አፈር በበጋ ይሰነጠቃል፣ በክረምት ደግሞ ውሃ ጠጥቶ ያብጣል። በቱሉ ቦሎ ወይም በወሊሶ በኩል ከአስፋልት ወጥቶ ወደ ገጠር ቀበሌ የገባ መኪና የጎማው ጥርስ በጭቃ ይሞላና ልሙጥ ይሆናል። ሹፌሩ ነዳጅ በሰጠ ቁጥር ጎማው ይቆፍራል፤ በመጨረሻ ሻንሲው መሬት ላይ ይተኛል። ከዚያ በኋላ የሚጠይቀው ጉልበት ብዙዎች ከሚገምቱት በላይ ነው። በሙያው የተለመደ ግምታዊ ስሌት አለ፤ እስከ ጎማው የሰመጠን መኪና ለማውጣት የራሱን ክብደት ያህል፣ እስከ ፓራፋንጎው ለሰመጠ ደግሞ የክብደቱን እጥፍ ያህል ጉልበት ያስፈልጋል። ጭነቷን ይዛ 3 ቶን የምትመዝን ሃርድቶፕ እስከ ፓራፋንጎ ከገባች፣ ገመዱም፣ ገመዱን ከመኪናው የሚያያይዘው ብረት (ሻክሉ)ም፣ መንጠቆውም 6 ቶን ያህል ሊሸከሙ ነው ማለት ነው።

እዚህ ላይ አብዛኛው ሰው የሚጠይቀው ጥያቄ «ገመዱ ጠንካራ ነው ወይ?» የሚል ነው። እኔ የምለው ሌላ ነው፤ «ከሁሉ ቀድሞ የሚሰበረው የቱ ነው? ሲሰበርስ ወዴት ይሄዳል?» ብላችሁ ጠይቁ። የተወጠረ ገመድ ወንጭፍ ነው። ጫፉ ላይ ያለው ብረት ሲነቀል ድንጋዩ እሱ ይሆናል። ገመዱ በጠነከረ መጠን ብረቱ ላይ የሚያርፈው ጉልበት ይበዛል፤ ስለዚህ ውድና ጠንካራ ገመድ ገዝቶ ደካማ ቦታ ላይ ማሰር አደጋውን ያባብሰዋል።

ከሚታሰርበት ቦታ እንጀምር። ተሳቢ የሚያያዝባት የብረት ኳስ ገመድ ለመጎተት የተሠራች አይደለችም። በሌላው ዓለም ተቆርጣ በመስታወት ገብታ ሰው የገደለችበት አደጋ በተደጋጋሚ ደርሷል። ከመኪናው ሥር የሚታዩት ቀጫጭን ቀለበቶችም አያሳስቷችሁ፤ ብዙዎቹ መኪናው በመርከብ ወይም በጭነት መኪና ሲጓጓዝ እንዳይንቀሳቀስ የሚታሰርባቸው ናቸው። ፓራውልትም፣ የመሪ ዘንግም፣ ባሌስትራም ቦታው አይደለም። ትክክለኛው ቦታ ከሻንሲው ጋር በጠንካራ ብሎን የተያያዘና የሚሸከመው ልክ የታወቀ መጎተቻ ነው። መኪናችሁ ከሌለው፣ ከገመዱ በፊት የሚገዛው እሱ ነው።

ቀጥሎ ገመዱ። ሁለት ዓይነት መሆኑን ማወቅ ግድ ነው። አንደኛው የሚለጠጥ ነው፤ ከናይለን ይሠራል፣ ሲወጠር ከርዝመቱ 20 በመቶና ከዚያ በላይ ሊረዝም ይችላል። የሚጎትተው መኪና ትንሽ ተንደርድሮ ሲይዘው ጉልበቱን በቀስታ ያስተላልፋል። ሁለተኛው ከፖሊስተር የተሠራው ነው፤ እምብዛም አይለጠጥም፤ ለቀስታ መሳቢያና ለዊንች (መኪናው ላይ ለሚገጠም ገመድ መጠቅለያ) ማራዘሚያ እንጂ ለመንደርደሪያ አይሆንም። ዕቃ ማሰሪያ ቀበቶ፣ ሰንሰለትና የሽቦ ገመድም እንዲሁ አይለጠጡም። በእነሱ ተንደርድሮ መጎተት ድንገተኛውን ምት በሙሉ መንጠቆው ላይ ማሳረፍ ነው።

የሚለጠጠውም ቢሆን ልክ አለው። አውስትራሊያ ከ2010 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለእነዚህ ገመዶች አስገዳጅ የደኅንነት ደረጃ አውጥታለች። በዚያ መሠረት የገመዱ ዝቅተኛ የመበጠሻ ልክ ከነጭነቱ ከሚለካው የመኪናው ክብደት ከ2 እስከ 3 እጥፍ መሆን አለበት፤ የሚታሰበውም ከሁለቱ መኪኖች የቀለለው ነው። ለ3 ቶን ሃርድቶፕ ከ6 እስከ 9 ቶን ማለት ነው። ከዚያ በታች ይበጠሳል፤ ከዚያ በላይ ከወፈረ ደግሞ በሚገባ ስለማይለጠጥ ጫናውን ወደ ብረቱ ይመልሰዋል። ልኩ ያልተጻፈበት፣ ጠርዙ የተበላ ወይም ስፌቱ የፈታ ገመድ በሱማሌ ተራም በሌላ ቦታም ዋጋው ቢረክስ አትግዙት። የራሰ ናይለን ጥንካሬው ይቀንሳል፤ በጭቃ የተለወሰውን አጥባችሁ በጥላ አድርቁ።

መንደርደርንም በልክ አድርጉት። ፍጥነት በእጥፍ ሲጨምር የእንቅስቃሴው ኢነርጂ አራት እጥፍ ይሆናል። በሰዓት በ10 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ያልወጣን መኪና በ20 ለማውጣት የሚሞክር ሹፌር የጨመረው ጥቂት ቢመስለውም ገመዱ የሚቀበለው ኢነርጂ ግን አራት እጥፍ ነው።

ሻክል ስትገዙ በላዩ የተቀረጸውን ቁጥር አንብቡ። 4.75 ቶን የሚል የሥራ ጭነት ልክ የተቀረጸበት ለዚህ መጠን መኪና የተለመደው ነው። የሥራ ልክና የመበጠሻ ልክ አንድ አይደሉም፤ የመጀመሪያው በደኅና የሚሠራበት፣ ሁለተኛው የሚሰበርበት ነው። ሻጭ «8 ቶን ነው» ሲላችሁ የትኛው እንደሆነ ጠይቁት። ጽሑፍ የሌለበት ሻክል ለበር ሰንሰለት ይሁን። ከገመድ የተጎነጎነ ሻክል ማግኘት ከቻላችሁ ደግሞ የተሻለ ነው፤ ቀላል ስለሆነ ቢፈናጠር እንኳ ጉዳቱ ያንሳል።

አንድ ገመድ አጭር ሆኖባችሁ ሁለት ስትቀጥሉ በመካከል የብረት ሻክል አታስገቡ። አንዱ ሲበጠስ ብረቱ ከሌላው ጫፍ ጋር ይወረወራል።

ዊንች ያለው መኪና ዕድለኛ ነው፤ ቀስ ብሎ ስለሚስብ ድንገተኛ ምት የለውም። አቅሙ ቢያንስ የመኪናው ሙሉ ክብደት አንድ ተኩል እጥፍ ይሁን። ፑሌጃ ጨምራችሁ ገመዱን ስታጥፉት ጉልበቱ ወደ እጥፍ ይጠጋል፣ ፍጥነቱ በግማሽ ይቀንሳል። ከበሮው ላይ ቢያንስ 5 ዙር የሽቦ ገመድ ይቅር። የሽቦ ገመድ በባዶ እጅ አይያዝም፤ የተበጠሱ ቀጫጭን ክሮች መዳፍ ይቆርጣሉ። ዛፍ ላይ ስታስሩም ሰፊ ቀበቶ ተጠቀሙ፤ ሽቦውን ግንዱ ላይ ጠምጥማችሁ መልሳችሁ በራሱ ላይ አትንጠልጥሉ።

ከእነዚህ ሁሉ በፊት ግን አካፋ አለ። ከጎማው ፊት ያለውን ጭቃ ዛቁ፣ ሻንሲው ሥር ያለውን አስለቅቁ፣ ድንጋይና ቅርንጫፍ አንጥፉ፣ የጎማውን አየር ቀንሱ። ለዚህ አካፋ፣ የአየር መለኪያና መልሶ መንፊያ ይበቃሉ። ግማሽ ሰዓት ቆፍሮ የሚፈለገውን ጉልበት መቀነስ ማንኛውም ገመድ ከሚሰጠው ደኅንነት ይበልጣል።

በአገራችን ይህ ጉዳይ ከሌላው አገር የሚለይበት አንድ ነገር አለ። መኪና ሲሰምጥ መንደሩ ይወጣል። ገበሬው ዶማውን ይዞ ይመጣል፣ ጎረምሳው ሊገፋ ትከሻውን ያቀርባል፣ ልጆች ከገመዱ ጎን ተሰልፈው ያያሉ። ይህ መረዳዳት ክብር ይገባዋል፤ የሚከበረውም ለሕይወታቸው በመጠንቀቅ ነው። ገመድ ከመወጠሩ በፊት ሰው ሁሉ ቢያንስ ከገመዱ ርዝመት አንድ ተኩል እጥፍ ይራቅ፤ ለ9 ሜትር ገመድ 13 ሜትር ተኩል ማለት ነው። ማንም በገመዱ አቅጣጫ አይቁም፣ ማንም አይሻገረው። የተወጠረ ገመድ ላይ ቆሞ «ላክብደው» የሚል ካለ አስወርዱት። ተሳፋሪ ከሁለቱም መኪና ይውረድ። ምልክት የሚሰጠው አንድ ሰው ብቻ ይሁን። ገመዱ መካከል ላይ ከባድ ጋቢ ወይም እርጥብ ጆንያ መጣል ቢበጠስ ይወርድ ዘንድ ይረዳል፤ ርቀትን ግን አይተካም። የሰመጠው ወላድ የያዘ አምቡላንስ ቢሆንም ሰውን ለማራቅ የምትወስደው ደቂቃ አትበዛም።

ሰፈራችን የአካል ጉዳት ምን እንደሆነ ያውቃል። በልዕልት ዘነበወርቅ ስም በተጠራው የሥጋ ደዌ ሆስፒታል ቦታ ላይ አለርት የሕክምና ማዕከል የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1965 ነው፤ ለሥጋ ደዌ ሕሙማን ሕክምናና ተሐድሶ ሲሰጥ ቆይቶ ዛሬ የአደጋ ሕሙማንንም ይቀበላል። የጠፋ እግር ወይም ዓይን ምን ያህል ዋጋ እንደሚያስከፍል እዚህ ሰፈር ላደገ ሰው ማስረዳት አያሻም።

ስለዚህ አደራዬ ከሁሉ በፊት መኪና ወደ መስክ ለሚልኩ መሥሪያ ቤቶች የግዥ ክፍሎች ነው። «መጎተቻ ገመድ፣ 1» ብላችሁ ሦስት ፕሮፎርማ ሰብስባችሁ ዝቅተኛውን ዋጋ አትምረጡ። ዓይነቱን፣ የመበጠሻ ልኩን፣ ርዝመቱን፣ የሻክሉን የሥራ ልክ ጻፉ፤ መኪናው ላይ ትክክለኛ መጎተቻ መኖሩንም አረጋግጡ። ሹፌሮች፣ መስክ ከመውጣታችሁ በፊት ገመዱን ዘርግታችሁ እዩት፤ የተጎዳውን ለማንም እንዳያገለግል ቆራርጣችሁ ጣሉት። ይህን ያነበባችሁ ደግሞ መስክ ለሚወጣ አንድ ሹፌር አድርሱልኝ።