«ቤተኛ» የሚባለው ጨዋታ እና አሮጌው ኮምፒውተር

ለሊኑክስ ተብሎ የተሠራ ጨዋታ፣ ለዊንዶውስ ተሠርቶ በአስተርጓሚ በኩል ከሚሄደው ምንጊዜም ይፈጥናል የሚለውን አስተሳሰብ ብዙዎቻችን ሳንመረምር ተቀብለነዋል። የመመረቂያ ጽሑፌን ርእስ ሳቀርብም «መልሱ የታወቀ ነገር ምን ይጠናል?» የሚል ጥያቄ ገጥሞኛል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ኮምፒውተሩ አሮጌ ሲሆን ግን መልሱ የታወቀ አይደለም።

እ.ኤ.አ. በ1993 የተጀመረው ዋይን፣ ስሙ ራሱ እንደሚናገረው፣ ኢሙሌተር አይደለም። የጨዋታው ስሌት በፕሮሰሰሩ ላይ እንዳለ ይሠራል፤ የሚተረጎመው ወደ ስርዓተ ክወናው የሚላከው ጥሪ ነው። ከጥሪዎቹ ሁሉ ከባዱ የግራፊክስ ነው። ቫልቭ እ.ኤ.አ. በ2018 ያወጣው ፕሮቶን ይህን ሸክም ዲ ኤክስ ቪ ኬ በተባለ መሣሪያ ያቃልላል፤ መሣሪያው የዳይሬክት ስሪዲን ትእዛዝ ወደ ቨልካን ይመልሳል።

የእኔ ላፕቶፕ ግን የኢንቴል አይቪ ብሪጅ ትውልድ ነው፤ ትውልዱ ለገበያ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ2012 ነው። በሊኑክስ ላይ ያለው የቨልካን ድጋፉ ያልተሟላ ሲሆን፣ ዲ ኤክስ ቪ ኬ ደግሞ ከ2.0 እትሙ ጀምሮ ቨልካን 1.3ን ይጠይቃል። የሚቀረው የዲ ኤክስ ቪ ኬን የቀድሞ እትም መሞከር፣ አለዚያም ዳይሬክት ስሪዲን ወደ ኦፕን ጂ ኤል ወደሚመልሰው የዋይን ነባር ዘዴ መመለስ ነው። በነባሩ ዘዴ የማጣራቱና የማዘጋጀቱ ሥራ በአብዛኛው በፕሮሰሰሩ ላይ ይወድቃል፤ ሁለት ኮር ብቻ ባለው ማሽን ላይ ይህ ጊዜ ከጨዋታው ከራሱ የሚነጠቅ ነው። በአዳዲስ ማሽኖች የተገኘ ውጤት ወደዚህ ላፕቶፕ በቀጥታ የማይሻገረውም በዚህ ምክንያት ነው። ማሽኑ ግን ጤነኛ ነው። ከጨዋታ ውጭ የሚያደርገው የእትም ቁጥር ነው።

አማካይ የፍሬም ብዛትም ያሳስታል። በሰከንድ 60 ፍሬም ማለት ለእያንዳንዱ 16.7 ሚሊ ሰከንድ ማለት ነው። አዲስ ሼደር በመጣ ቁጥር መጀመሪያ ይተረጎማል፣ ቀጥሎ ድራይቨሩ ያጠናቅረዋል፤ በዚህ መካከል አንዱ ፍሬም ብቻውን ይዘገያል። አማካዩ ብዙም አይነካም፤ ተጫዋቹ ግን መንገጫገጩን ያያል። (ታናሽ ወንድሜ ያለ መለኪያ «ይኸው ደነቀፈው» ይለኛል፤ ብዙ ጊዜም ልክ ነው።)

«ቤተኛ» የሚለው ቃልም አንድ ዓይነት ነገር አይሰይምም። ቫልቭ እ.ኤ.አ. በ2012 ሌፍት ፎር ዴድ 2 በኡቡንቱ 315፣ በዊንዶውስ 7 ደግሞ 270.6 ፍሬም በሰከንድ እንደሰጠ አስታውቆ ነበር፤ ይህ የሆነው ግን በጂ ቲ ኤክስ 680 ካርድና በ32 ጊጋ ባይት ራም ነው። በአንጻሩ እ.ኤ.አ. በ2014 ለሊኑክስ የወጣው ዊቸር 2 በውስጡ ኢኦን የተባለ አስተርጓሚ ነበረው። በስም ቤተኛ ነው፤ በአሠራር እንግዳ። ሮኬት ሊግ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2020 የሊኑክስ እትሙን ድጋፍ አቋረጠ፤ ሲሆን ያየነው ቤተኛው ቀርቶ በአስተርጓሚ የሚሄደው ሲሰነብት ነው።

ስለዚህ ከጥናቴ ሰንጠረዥ «ቤተኛ» የሚለውን ዓምድ ሰርዤ፣ ጥሪው በየትኛው መንገድ ካርዱ ዘንድ እንደደረሰና እያንዳንዱ ፍሬም ምን ያህል ጊዜ እንደፈጀ የሚያሳዩ ዓምዶች ተክቻለሁ። አማካሪዬ ዓምዱ በዛ ይላሉ፤ እስካሁን አልቀነስሁም።