ሦስት ፊደል በአንድ ቤት



የዓመቱ የመጨረሻ ደወል ተደውሎ ተማሪዎች ሰርተፍኬታቸውን ይዘው ሲበተኑ፣ እኛ መምህራን ዓመቱን ሙሉ ስንናፍቀው የቆየነው እረፍት ይጀምራል። አንዱ ቤቱን ያድሳል፤ ሌላው የክረምት ኮርስ ይገባል፤ ኳስ የሚወደው ከቴሌቪዥን ፊት አይነሳም። የእኔ የትርፍ ጊዜ ደስታ ግን ከልጅነቴ ጀምሮ አንድ ነው፤ ማንበብ። በ2011 ዓ.ም. ክረምትም ስድስት መጻሕፍት በካርቶን አሽጌ፣ ያኔ ሰባት ዓመት የሞላውን ልጄን አስከትዬ ወዳደግኩባት መቱ ጉዞ ጀመርኩ። ሐሳቤ አረፋን ካሳደጉኝ አክስቴ ጋር ማሳለፍ፣ ዝናቡን ተገን አድርጌም ስድስቱን መጻሕፍት መጨረስ ነበር። ያነበብኩት ግን ሁለቱን ብቻ ነው። ምክንያቱን ላጫውታችሁ።

የኢሉባቦር መንገድ

መቱ በጅማ በኩል ሲኬድ ከአዲስ አበባ 600 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። ጎህ ሳይቀድ ከመርካቶ አውቶቡስ ተራ ተነስተን ጅማ አደርን። በማግሥቱ አጋሮን አልፈን፣ የዴዴሳን ወንዝ ተሻግረን በደሌ ስንደርስ ዝናቡ ተቀበለን። የመኪናው መስኮት ጭጋግ ለበሰ፤ ልጄም በጣቱ ስሙን ይጽፍበት ጀመር።

ከበደሌ በኋላ መንገዱ ደን ለደን ነው። ያዩ ላይ ቡናው ማንም ሳይተክለው ከትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር በገዛ ራሱ ይበቅላል። ይህ ደን የዓለም የቡና ዘር ጎተራ ስለሆነ ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2010 በጥብቅ የተፈጥሮ ክልልነት መዝግቦታል። ጉሬዛዎች ነጭ ጭራቸውን እያንዠረገጉ ከዛፍ ዛፍ ሲዘሉ ልጄ መቀመጥ አልቻለም።

ወደ መቱ ስንቃረብ ሁሩሙ የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። እዚያ ስንደርስ ለልጄ አንድ ታሪክ ነገርኩት። እ.ኤ.አ. በ1856 ገደማ በዚህ አካባቢ ሂካ የተባለ ልጅ ተወለደ። በልጅነቱ ከእናቱ ተነጥቆ ለባርነት ተሸጠ፤ ከእጅ ወደ እጅም እየተላለፈ ምጽዋ ደረሰ። በ1870 እዚያ ነጻ ወጣና ትምህርት ቤት ገባ። ይህ ልጅ በኋላ ኦኔሲሞስ ነሲብ በሚል ስም የታወቀው ሰው ነው። እንደ እሱ ከባርነት ነጻ ከወጣችው ከአስቴር ጋኖ ጋር ሆኖ በ1894 የኦሮምኛ ማንበቢያ መጽሐፍ አሳተመ። መጽሐፉ የተጻፈው በግዕዝ ፊደል ሲሆን፣ አስቴር በልጅነቷ ሰምታ በቃሏ የያዘቻቸው ተረቶችና ዘፈኖች ገብተውበታል። ሁለቱ በ1899 የታተመውን የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስም አብረው ተርጉመዋል። እምነታችን ቢለያይም፣ ሰው ከእናቱ ጉያ ተነጥቆ ተሸጦ ሳለ ለእናቱ ቋንቋ መጽሐፍ ይዞ መመለሱ ልብ የሚነካ ነገር ነው።

ልጄ ግን ግራ ተጋባ። «አባ፣ እሱ ማንበብ ከቻለ አይበቃውም? ለሌሎቹ ለምን ይደክማል?» አለኝ። ሳቅሁና አለፍኩት። ጥያቄው ተመልሶ እንደሚመጣብኝ አላወቅሁም።

የመቱ ዝናብ

መቱና ጎሬ ዝናብ ከማይለያቸው የአገራችን ክፍሎች ይመደባሉ። ክረምት ከገባ ቆርቆሮው ቀንም ሌሊትም ይዘፍናል። ለሚያነብ ሰው ከዚህ የተሻለ አገር የት ይገኛል? አዳዳ (አክስቴን የምንጠራው እንዲህ ነው) በር ላይ ሆነው እያለቀሱ ተቀበሉን። ልጄም ወዲያው «አኮ» ብሎ እንደ አያቱ ጉያቸው ውስጥ ገባ። ቡና ተቆላ፤ በኢሉባቦር ወግ በጨው ቀረበ። እኔም ከምድጃው አጠገብ ጥጌን ይዤ ካርቶኔን ፈታሁ።

ከመጻሕፍቱ አንዱ የሐዲስ ዓለማየሁ «ትዝታ» ነበር። ደራሲው በጣሊያን ወረራ ጊዜ ከራስ እምሩ ጋር ዘምተው ተማርከው ወደ ጣሊያን አገር የተጋዙ ናቸው። አንድ ቀን ዝናቡ ጋብ ሲል ልጄን ይዤ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ወደምትገኘው ጎሬ ሄድኩ። በ1928 ዓ.ም. ንጉሡ ወደ ውጭ ሲሰደዱ መንግሥት የተባለው ነገር የተረፈው በዚህች በጉም በተሸፈነች የተራራ ከተማ ነበር፤ ጣሊያን እስከያዛት እስከ ኅዳር 1929 ዓ.ም. ድረስ። የኢሉባቦር ቡናም በጎሬ አልፎ ወደ ጋምቤላ ይወርድና በባሮ ወንዝ በመርከብ ወደ ሱዳን ይጓዝ ነበር። በመጽሐፍ ያነበቡትን አገር በእግር ረግጦ ማየት፣ አንባቢ ብቻ የሚያውቀው ደስታ አለው። በዚያ ደስታ ተሞልቼ ተመለስኩና ሁለተኛውን መጽሐፍ ጀመርኩ።

በአምስተኛው ቀን ማለዳ አዳዳ ከሱብሒ ሰላት ሲነሱ ግድግዳ ያዙ። «ራሴን ያዞረኛል» አሉ። «ከመቼ ጀምሮ?» አልኳቸው። «ከመጣችሁ በፊትም ነበር» አሉ። መድኃኒታቸውን እንዲያሳዩኝ ጠየቅሁ። በላስቲክ የተጠቀለሉ ሁለት እሽጎች አወጡ። ሁለቱም ነጭ፣ ሁለቱም ትንንሽ። አንዱ የጠዋት፣ ሌላው የማታ የደም ግፊት መድኃኒት ነው፤ እሽጉ ላይ በእስክሪብቶ ተጽፏል። አዳዳ ግን የማታውን ጠዋትም ማታም ሲውጡ፣ የጠዋቱ ሳይነካ ተቀምጧል።

«ማነው የሚያነብልዎት?» አልኩ። የጎረቤት ልጅ ነበረች፤ ትምህርት ሲዘጋ በደሌ ዘመዶቿ ዘንድ ሄዳለች። «አንተ ደግሞ ሥራ ላይ ነህ ብዬ» አሉኝ፣ በአገጫቸው ወደ መጽሐፌ እያመለከቱ።

ጤና ጣቢያ ሮጥን። አልሐምዱሊላህ፣ ነርሷ ለክታ መድኃኒቱን አስተካክላ፣ «በጊዜ ደርሳችኋል» አለችን። እኔ ግን በዚያ ቀን መጽሐፍ መግለጥ አቃተኝ። አራት ቀን ሙሉ ከአዳዳ በሁለት ክንድ ርቀት ተቀምጬ የጎሬን ታሪክ ሳነብ፣ እሳቸው ሊያነቡት ባልቻሉት አንድ መስመር ጽሑፍ ሊሞቱብኝ ነበር!

ሳጥኑ ውስጥ የነበረው

እኔ ሦስት ፊደል እችላለሁ። ዐረብኛውን በቁርአን ቤት፣ ሎሕ ጉልበቴ ላይ አድርጌ ተማርኩ። ኦሮምኛ ከ1984 ዓ.ም. ጀምሮ በቁቤ መጻፍ በመጀመሩ ትምህርት ቤት ስገባ ቁቤን ተማርኩ። አማርኛውንም በግዕዝ ፊደል ጨመርኩበት፤ ዛሬ እንጀራዬ እሱ ነው። ለሦስቱም የከፈሉት አዳዳ ናቸው፤ ቡና ለቅመው፣ አድርቀው፣ ገበያ አውጥተው። በዚያ ቤት ሦስት ፊደል ገብቶ ለባለቤቷ አንዱም አልደረሳትም።

ያን ዕለት ማታ ይህን ስነግራቸው አዳዳ ዝም ብለው ተነሱና የልብስ ሳጥናቸውን ከፈቱ። ከታች፣ በነጠላ ቁራጭ የተጠቀለለ ደብተር አወጡ። በ1971 ዓ.ም. ሐምሌ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲታወጅ እሳቸውም ተመዝግበው ነበር። ዘመቻው በ15 የአገራችን ቋንቋዎች የተካሄደና እ.ኤ.አ. በ1980 በዩኔስኮ በኩል ዓለም አቀፍ ሽልማት ያገኘ ነው። ያኔ ኦሮምኛም የሚጻፈው በግዕዝ ፊደል ነበር። ደብተሩ ላይ ከ«ሀ» እስከ «መ» ተጣሞ ተጽፏል፤ ከዚያ ባዶ ነው። «የቡና ለቀማ ደረሰ። በዓመቱ ባለቤቴ ሞተ። ከዚያ ፊደሉም ተቀየረ አሉኝ፤ ተውኩት» አሉ።

አርባ ዓመት የተቀመጠ ደብተር! እኔ በዚያ ሳጥን ላይ ተቀምጬ ስንት መጽሐፍ አንብቤያለሁ?

የልጄ የሁሩሙ ጥያቄ ያኔ መጣብኝ። ራሱ ማንበብ ከቻለ አይበቃውም? እንደማይበቃው እኛ ሙስሊሞች ማወቅ ነበረብን። ለነብያችን (ሰ.ዐ.ወ.) መጀመሪያ የወረደው ትእዛዝ ስለ ማንበብ ነው። የሲራ መጻሕፍት እንደሚተርኩት ደግሞ ከበድር ምርኮኞች መካከል ቤዛ የሚከፍሉት ገንዘብ ያልነበራቸው፣ ጽሕፈት የሚያውቁ ሰዎች እያንዳንዳቸው አሥር የመዲና ልጆችን አስተምረው ነጻ እንዲወጡ ተደርጓል። ገና ድሃ ለነበረው ለዚያ ማኅበረሰብ ገንዘቡ ይጠቅመው ነበር፤ ፊደል ግን ከገንዘብ በለጠ። እኔ ከአሥር አንድ እንኳ፣ ያውም ያሳደገችኝን አላስተማርኩም።

ሃያ ቀን

«በየትኛው ፊደል ልጀምርልዎት?» አልኳቸው። ጥቂት አሰቡና፣ «ስሜን በፈለግከው፤ መድኃኒቴን ግን በተጻፈበት» አሉ። ሳቅን። እሽጉ ላይ ያለው ጽሑፍ በላቲን ፊደል ስለሆነ ቁቤን መረጥን።

ከዙሁር በኋላ ግማሽ ሰዓት፣ ከመግሪብ በኋላ ሩብ ሰዓት ተቀመጥን። ለመማሪያ ቤቱ ውስጥ ያለውን ሁሉ ተጠቀምን፤ የሳሙና መጠቅለያ፣ የዘይት ጀሪካን፣ የስልክ ካርድ። ቁቤ የማያውቀው ልጄም አብሮ ተማሪ ሆነ። እሱ ሲቀድማቸው ይኮራል፤ እሳቸው ሲቀድሙት ያኮርፋል። አዲስ አበባ ሳለን መጽሐፍ ስሰጠው የሚሸሸው ልጅ፣ ከአኮ ጋር ሲሆን ደብተሩን ራሱ ያመጣል። ማንበብን እንዲወድ ለዓመታት መክሬዋለሁ፤ የጎደለው ግን ምክር አልነበረም፤ አብሮት የሚያነብ ሰው ነበር።

አረፋ እሑድ ነሐሴ 5 ዋለ። ከዒድ ሰላት ተመልሰን፣ ሥጋውን ለጎረቤትና ለችግረኛ አከፋፍለን ቡና ስንጠጣ፣ አዳዳ በስልካቸው የገባ የእንኳን አደረሳችሁ መልእክት አየሁላቸው። ላነብላቸው እጄን ስዘረጋ «ቆይ!» አሉኝ። ስልኩን አራቁት፣ አቀረቡት። ከረጅሙ መልእክት ውስጥ «ዒድ» የምትለዋን አንዲት ቃል ብቻ ለዩ። ለእሷ ደግሞ ቤቱ ሁሉ እልል አለ።

ነገሩን እንዳላጋንን። በሃያ ቀን አዳዳ አንባቢ አልሆኑም። ከ14 የማይበልጡ ፊደላት ለዩ፤ ሁለቱን እስከ መጨረሻው ያምታቱ ነበር። ስለዚህ መድኃኒቱን ለፊደል ብቻ አልተውነውም፤ ልጄ በአንዱ እሽግ ላይ ፀሐይ፣ በሌላው ላይ ጨረቃ ሣለበት። የጎረቤቷ ልጅም ከበደሌ ስትመለስ ትምህርቱን እንድትቀጥል አደራ ተቀበለች። አራቱን መጻሕፍት ሳልገልጣቸው ይዤ ተመለስኩ፤ አልቆጨኝም።

ውድ አንባብያን፣ የማንበብ ፍቅር የአላህ ጸጋ ነው፤ ጸጋ ደግሞ ዘካ አለው። ቀጣዩ እረፍት ወይም ዒድ ሲደርስ ወላጆቻችሁና ዘመዶቻችሁ ዘንድ ስትሄዱ ከስጦታው ጋር ደብተርና እስክሪብቶ ያዙ። መድኃኒታቸውን ማን እንደሚያነብላቸው ጠይቁ። ከዚያም የራሳችሁን መጽሐፍ ለጥቂት ጊዜ አጥፋችሁ አጠገባቸው ተቀመጡ። አላህ ያወቅነውን የምናካፍል ያድርገን። አሚን።