ቀኝ በማን በኩል? የድሬዳዋ ማስታወሻ

ሰኞ

ባቡሩ ከፉሪ ለቡ ጣቢያ የተነሳው በጠዋት ነው። አዲስ አበባን ስንለቅ ብርድ ነበር፤ በሰቃ ሐይቅን በሐዲዱ ጥግ እያየን መተሐራን ስናልፍ ሹራቤን አወለቅሁ፣ ከአዋሽ ወዲያ ደግሞ ግራርና ግመል፣ ግራርና ግመል ብቻ ሆነ። አጠገቤ የተቀመጡ እናት ቆሎ ዘገኑልኝና ለምን ወደ ድሬ እንደምሄድ ጠየቁኝ። ሕፃናት መመሪያ መስጠት ሲማሩ ለማየት ነው ብላቸው፣ "ልጅ መታዘዝ እንጂ ማዘዝ ይማራል እንዴ?" ብለው ሳቁ። ጥያቄያቸው መንገዱን ሁሉ አብሮኝ ዋለ።

በመንገድ ሳነብ የነበረው ስለ ሴይመር ፓፐርት ነው። ደቡብ አፍሪካ የተወለደው ይህ የሒሳብ ሰው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1967 ከባልደረቦቹ ጋር አሜሪካ ውስጥ ሎጎ የተባለውን የኮምፒውተር ቋንቋ ለልጆች ሠራ። ኋላም ወለል ላይ የምትሄድ "ኤሊ" መጣች፤ "ወደ ፊት 50፣ ወደ ቀኝ 90" ሲሏት እየተጓዘች መስመር ታሰምራለች። ፓፐርት፣ ግራ የተጋባ ልጅ ራሱ ኤሊዋን ሆኖ እንዲራመድ ይመክር ነበር። በእንግሊዝም በዚያው አቆጣጠር ከ2014 ጀምሮ 5 ዓመት የሞላቸው ልጆች አልጎሪዝምን፣ ማለትም አንድን ሥራ ከዳር የሚያደርስ የማያሻማ የእርምጃ ቅደም ተከተልን፣ በትምህርት ቤት ይማራሉ። እኔ ማየት የፈለግሁት ይኸው ነገር መሣሪያ በሌለበት ግቢ እንዴት እንደሚሠራ ነው።

የድሬዳዋ ጣቢያ ከከተማው ወጣ ያለ ነው። ባለ ባጃጁ 200 ብር ብሎኝ በ150 ተስማማን። ከዚራ ሰፈር ስንገባ መንገዱ ቀጥ፣ ዛፉ ጥላ፤ የደቻቱን ወንዝ ተሻግሮ ያለው የመጋላ ሰፈር ግን ጠመዝማዛ ነው፤ ባለ ባጃጁ እዚያ አቅጣጫ የሚነግረው በሱቅና በመስጊድ ነው።

ማክሰኞ

ቁርሴ ፈጢራ በእንቁላልና በማር፣ ከሻሂ ጋር። ገና በጠዋቱ ሸሚዜ ጀርባዬ ላይ ተለጥፏል።

መዋዕለ ሕፃናቱ ከዚራ ውስጥ፣ ሰፊ ጥላ ያለው ዛፍ ሥር ነው። መምህርቷ ወለሉ ላይ በጠመኔ እንደ ሰኞ ማክሰኞ ጨዋታ አራት ማዕዘኖች አስምራለች፤ በአንዱ ማዕዘን አሮጌ ጎማ፣ በሌላው ኳስ። አንድ ልጅ "ሮቦት" ሆኖ ይቆማል፣ ሌሎቹ ጎማውን ሳይነካ ኳሱ ጋ ያደርሱታል። በጣት መጠቆም ክልክል ነው። ለምን እንደከለከለች መጀመሪያ አልገባኝም ነበርና ጠየቅኋት። "ጣት ካለ አፍ አይሠራም" አለችኝ።

"ሂድ!" አለ አንዱ። ሮቦቱ ሄደ፣ ሄደ፣ ግድግዳ ጋ ደረሰ። ሳቅ ሆነ። "ስንት ይሂድ?" አለች መምህርቷ። ከዚያ በኋላ ቁጥር ገባ፤ አንዱ በአማርኛ፣ አንዱ "ቶኮ፣ ለማ፣ ሰዲ" እያለ በኦሮምኛ ይቆጥራል፣ በሶማልኛ የሚንሾካሾኩትን ሁለቱን ግን ልከተላቸው አልቻልኩም። መመሪያውን የሚደረድሩባቸው፣ ቀስት የተሳለባቸው የካርቶን ካርዶች ላይ ሲደርሱ ግን ሁሉም ይግባባሉ።

ትልቁ ጣጣ የመጣው "ወደ ቀኝ" ሲባል ነው። ሮቦቱ ፊቱን ወደ ልጆቹ አዙሮ ስለቆመ የእሱ ቀኝ የእነሱ ግራ ነው። "ተሳሳተ!" ብለው ጮኹበት፤ እሱም "አቦ፣ ያላችሁኝን ነው ያደረግኩት!" ብሎ ሊያለቅስ ደረሰ። ይሄኔ አንዲት ቀጭን ልጅ ተነስታ ከኋላው ሄደች፣ እሱ ወዳየበት ዞራ ቆመች፣ እጇንም አነሳች። "በእሱ በኩል ቀኝ እዚያ ነው" አለች። ስለ ፓፐርት ማንም አልነገራት። መምህርቷም ማን ተሳሳተ አላለችም፤ "የትኛው ካርድ ይቀየር?" ብቻ አለች፣ ልጆቹም ከመጀመሪያው ቀስት ጀምረው አንድ በአንድ እየረገጡ ፈለጉት። እኔ በልጅነቴ የተሳሳተ ይቆም ነበር፤ እዚህ የሚፈለገው የተሳሳተው እርምጃ ነው፣ ስለዚህም የሚያፍር ልጅ አላየሁም። ባቡር ላይ ለጠየቁኝ እናት አሁን ብመልስላቸው፣ ማዘዝ የተማረ ልጅ ለቃሉ መጠንቀቅንም ይማራል እላቸው ነበር።

ረቡዕ

ሙቀቱ ብሷል፤ ከእኩለ ቀን በኋላ ከተማው ሽርጡን ለብሶ ይተኛል። ትምህርቱ ስለዚህ በጠዋት አለቀ፤ የዕለቱ ሥራ እጅ መታጠብ ነበር። ልጆቹ በሥዕል ደረደሩ፤ ቧንቧ መክፈት፣ እጅ ማራስ፣ ሳሙና፣ ማሸት፣ ማለቅለቅ። አንዱ ሳሙናን ከውሃ አስቀደመ፤ መምህርቷ እንዲሞክረው ተወችው፣ ደረቅ ሳሙና መዳፉ ላይ ሲንሸራተት ራሱ ካርዱን አዛወረ።

ሁሉም ተሰልፈው ሊታጠቡ ሲሉ ቧንቧው ውሃ የለውም። እኔ ትምህርቱ ተበላሸ ብዬ ነበር። አንድ ልጅ ግን ጥጉ ላይ ያለውን ባልዲ አይቶ፣ "ውሃ ከሌለ በጣሳ!" አለ። መምህርቷ ባዶ ካርቶን ሰጠችው፣ ጣሳ ሳለበት፣ ከቧንቧው ሥዕል ጎን አኖረው። ቅደም ተከተሉ እዚያ ላይ ለሁለት ተከፈለ፤ ውሃ ካለ በዚህ፣ ከሌለ በዚያ። ኮምፒውተር የሚያዙ ሰዎች ቀን ከሌት የሚጽፉት ይኸንኑ ነው፤ የ6 ዓመቱ ልጅ ግን ከቤቱ ይዞት መጣ። ይህን ካርድ የውጭ አገር መጽሐፍ ቢያዘጋጅ ኖሮ የሚያካትተው አይመስለኝም።

አንድ ነገር ሳይገባኝ ቀረ። ሁለቱንም ቀን ቃል ያልተነፈሰ ልጅ አለ፤ ካርዶቹን ሲሰጡት ሁሉንም በትክክል ደረደረ። በልቡ እየተራመደ ይሁን ወይም ሌሎቹን አይቶ፣ መምህርቷም አላወቀችም።

ሐሙስ

ከመሄዴ በፊት ለአጭር ጊዜ ጎራ አልኩ። ኳሱ ርቆ ተቀምጧል፣ "ወደ ፊት" የሚሉት ቀስቶች አለቁ። ቀጭኗ ልጅ አንድ ቀስት አስቀምጣ አጠገቡ አምስት ጠጠር ደረደረች። ሮቦቱ ጠጠሮቹን አይቶ "ይሄ ምንድን ነው?" አላት። "አምስቴ" አለችው፣ ሄደም። መምህርቷ ጠጠሮቹን በላስቲክ ሰብስባ ለሚቀጥለው ሳምንት አስቀመጠቻቸው።