ያልወረድንበት ወደብ

በባሕር የሚጓዝ ሰው አስቀድሞ ሊረዳው የሚገባ አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም የመርከብ የጉዞ ሰሌዳ ብዙ የማይታመን መሆኑ ነው። በወረቀቱ ላይ «ጧት 2 ሰዓት ወደብ መግባት፤ ማታ 12 ሰዓት መነሣት» ተብሎ ባማረ ቀለም ታትሞ ይሰጣችኋል። ነፋሱ ግን ወረቀቱን አላነበበውም። የመንገደኛ መርከብ ጎኑ እንደ ፎቅ ቤት ግድግዳ የቆመ ስለ ሆነ ነፋስ ሲመታው እንደ ሸራ ይገፋል። ከዚህም በላይ ወደቡን አጥብቆ የሚያውቅ መሪ በትንሽ ጀልባ መጥቶ፤ በገመድ መሰላል ወጥቶ መንገድ ካላሳየው በቀር ትልቅ መርከብ ዝም ብሎ አይገባም። ማዕበሉ መሰላሉን የሚያወዛውዘው ከሆነ መሪው አይወጣም፤ መሪው ካልወጣ ደግሞ ወደቡ ተዘጋ ማለት ነው።

እኔ ይህን የተማርሁት ባለፈው ነሐሴ በኮሪያ ባሕር ላይ ነው። ከልዩ ልዩ አገር የተሰበሰብን ወጣት መምህራን በአንድ መርከብ ከጃፓን ተነሥተን፤ በቡሳን ከተማ አንድ ቀን ውለን እንድንመለስ ተዘጋጅቶልን ነበር። ያችን አንድ ቀን ስምንት ወር ሙሉ ጠብቄአታለሁ። ሌሎቹ ስለ ገበያውና ስለ ዓሣው ሲያወሩ እኔ የማስበው በከተማይቱ ውስጥ ስላለው የተባበሩት መንግሥታት የመታሰቢያ መቃብር ነበር።

ይህ መቃብር በ1943 ዓ.ም. ጦርነቱ በተፋፋመበት ጊዜ የተሠራ ነው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት 11,000 የሚያህሉ ሰዎች ዐርፈውበት ነበር፤ በኋላ ብዙዎቹ ወደየአገራቸው ተወስደው ዛሬ ከ2,300 የሚበልጡ ቀርተውበታል። ከእነዚህ መካከል አንድም ኢትዮጵያዊ የለም። ስሙን ከልዑል ራስ መኰንን የጦር ፈረስ የወሰደው የቃኘው ጦር በኮሪያ ከ120 የሚበልጡ ሰዎች ሞተውበት፤ አስከሬናቸው ሁሉ ወደ አገሩ ተመልሷል። «ታዲያ እዚያ ምን ትፈልጋለህ?» ትሉኝ ይሆናል። በ1999 ዓ.ም. በዚያው ቅጥር ውስጥ የ40,896 ሰዎች ስም የተቀረጸበት ጥቁር የድንጋይ ግድግዳ ተሠርቷል፤ የእኛም ሰዎች ስም በዚያ አለ። በኮምፒዩተር ብዙ ፎቶግራፍ አይቻለሁ፤ ስሙን ለማንበብ የሚያስችል ግን አላገኘሁም።

አያቴ የሦስተኛው ቃኘው ሻለቃ ወታደር ነበሩ። በ1945 ዓ.ም. ሲዘምቱ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመታቸው ነበር፤ አሁን ዘጠናን አልፈዋል። ስለ ዘመቻው ብዙ አያወሩም። ልሰናበታቸው በሄድሁ ጊዜ ግን ከጋቢያቸው ሥር የታጠፈ ወረቀት አውጥተው ሰጡኝ። በገዛ እጃቸው የተጻፈ የአንድ ሰው ስም ከነአባቱ ነበር።

«ይህ ሰው ከጎኔ ነው የወደቀው። በግድግዳው ላይ መጻፉን አይተህ ንገረኝ። ባዕድ ስማችንን ሲጽፍ ያበላሻልና የአባቱን ስም አስተውል» አሉኝ።

«እሺ አባባ፤ ፎቶግራፍ አንሥቼ አመጣልዎታለሁ» አልሁ።

ቡሳን ልንደርስ አንድ ሌሊት ሲቀረን ነፋሱ ተነሣ። የዚያ አገር ሰዎች ታይፉን የሚሉት ዐውሎ ነፋስ ነው። በ1996 ዓ.ም. ልክ በእንቁጣጣሽ ዕለት የመጣው ታይፉን በዚሁ በቡሳን ወደብ ዕቃ የሚያወርዱትን ታላላቅ ክሬኖች እንደ ጭራሮ ጥሏቸዋል። የእኛው ከዚያ በጣም ያነሰ ነው አሉ፤ ለሆዴ ግን ያነሰ አልመሰለውም። ሲነጋ የመርከቡ አዛዥ ወደቡ መዘጋቱንና እስከ ቀትር የምንጠብቅ መሆናችንን ነገረን። ቀትር ሲሆን ወደ ጃፓን እንመለሳለን አለ። ብዙዎቹ ትንሽ አጉረምርመው ወደ ካርታ ጨዋታቸው ተመለሱ።

ከቱርክ የመጣች አንዲት የታሪክ መምህርት ግን ዝናቡን ሳትፈራ ወደ ሰገነቱ ወጣች፤ እኔም ተከተልኋት። ከመቃብሩ ውስጥ ያሉት ቱርኮች 462 ናቸው፤ ከእነርሱም አንዱ የአያቷ ወንድም ነው። ከመንደሩ የተዘገነ አፈር በትንሽ ከረጢት ይዛለች። አንድ መልካም ሰው ሊያጽናናት ብሎ «አፈሩን በባሕሩ ላይ ብትበትኚውስ?» አላት። «እሱ በባሕር አልሞተም» አለችና ከረጢቱን ወደ ደረቷ አስጠጋች። ከተማይቱ ባለችበት አቅጣጫ ረጅም ጊዜ ተመለከትን፤ ከዝናብ በስተቀር የሚታይ ነገር አልነበረም።

እኔ እንደሚመስለኝ በእንዲህ ያለ ጊዜ ለሙታን ማዘን ትርፍ ነገር ነው። ድንጋዩ ይጠብቃል፤ ከመጠበቅ በቀር ምን ሥራ አለው? እኔን ያስጨነቀኝ ወረቀቱን የሰጡኝ ሰው ናቸው። ዘጠና ዓመት ላለፈው ሰው «ለሚመጣው ዓመት ይሁን» ብሎ መንገር ቀላል አይደለም።

ጃፓን እንደ ገባን ስልክ ደወልሁ። «አባባ፤ በማዕበል ምክንያት ወደቡ ተዘግቶ ሳንወርድ ተመለስን» አልሁ። ጥቂት ዝም አሉ። ከዚያም «ማዕበሉ እንዴት ነበር?» ብለው ጠየቁኝ። እንዴት እንዳደረገኝ ስነግራቸው እስኪያስላቸው ድረስ ሣቁ።

ከዚያ ቀን በፊት ከእሳቸው አፍ ያልሰማሁትን ያን ጊዜ ነገሩኝ። ከጅቡቲ መርከብ ሲሳፈሩ ከመካከላቸው ባሕር አይቶ የሚያውቅ ጥቂት ነበር። በሦስተኛው ቀን ማዕበል ሲነሣ ወታደሩ ሁሉ ተዘረረ፤ ስሙ በወረቀቱ ላይ ያለው ሰው ብቻ ሳይታመም ቀረ። ከወጥ ቤቱ ሎሚ እየለመነ ለእያንዳንዱ ያድል ነበር። «የደጋ ገብስ ባሕር አይስማማውም» እያለም ይቀልድባቸው ነበር። እኔ ያን ሰው እስከዚያ ድረስ የማውቀው በአወዳደቁ ብቻ ነው።

አገሬ ከገባሁ በኋላ ወረቀቱን ልመልስላቸው ብል «ያልጨረስኸውን ሥራ ለማን ትመልሳለህ?» ብለው አልተቀበሉኝም። እኔም በጉዞው ላይ የሰማሁትን ነገር አጫወትኋቸው። ከ2000 ዓ.ም. ጀምሮ፤ አንድ የካናዳ ዘማች ባቀረበው አሳብ፤ በየዓመቱ ኅዳር 2 ቀን በቡሳን ከረፋዱ 11 ሰዓት ሲሆን፤ በያለበት ያለ ሰው ፊቱን ወደዚያች ከተማ አዙሮ ለአንድ ደቂቃ በዝምታ ይቆማል። 11 ሰዓት ያልሁት በእነርሱ አቆጣጠር ነው፤ ነገር ግን ያ ጊዜ በእኛም አገር በእኛው አቆጣጠር ሊነጋጋ ሲል 11 ሰዓት ይሆናል፤ ቁጥሩ እንኳ አይለወጥም።

አያቴ ይህን ሲሰሙ «ፑሳን ከዚህ ቤት በየት በኩል ይሆናል?» አሉኝ፤ እሳቸው እስከ ዛሬ ፑሳን ነው የሚሏት።

«በምሥራቅ በኩል ነው፤ አባባ።»

«በምሥራቅማ የጎረቤት ግንብ አለብን» አሉና ትንሽ አሰቡ። «ግድ የለም፤ በጓሮ በኩል ወጥቼ እቆማለሁ። አንተ ብቻ በጊዜ ቀስቅሰኝ።»